ከኮልፌ የሄደው መጋረጃ

ከተመለስኩ ወዲህ ሱቄ ደጃፍ የሚቆም ሰው ሁሉ ስለሚያሰፋው ልብስ ከመንገሩ በፊት ስለ ካናዳ ይጠይቀኛል። ብርዱስ? ምግቡስ? ሜሮንስ መቼ ትመጣለች? ለአንዷ የነገርኩትን ሌላዋ ጨምራና ቀንሳ ስታወራው እየሰማሁ ከምናደድ፣ ያየሁትን ከመነሻዬ እስከ መመለሻዬ ልጻፈውና ይነበብ አልኩ። እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ቢሆንም ስፌትም ጽሕፈትም ዓይንና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ትዕግሥቱ በመጠኑ አለኝ፤ ዓይኑን መነጽሬ ይረዳኛል።

በለጡ እባላለሁ። ኮልፌ ገበያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቄ አብዝቼ የምሰፋው መጋረጃ ነው። የሰፈራችን ሰው ግማሹ ተከራይ ነው፤ የተከራይ መጋረጃ ደግሞ የራሱ አሰፋፍ አለው። ከታች አንድ ክንድ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ይሰፋበታል። አከራይ «ቤቱን ልቀቅ» ያለ ቀን ቀጣዩ ቤት መስኮቱ ረጅም ከሆነ እጥፋቱ ይፈታል፣ አጭር ከሆነ እንዳለ ይቀመጣል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ሲያሰፋኝ ግን ሄጄ መስኮቱን እለካለሁ፣ ትርፉንም እቆርጣለሁ። ይህን ኮልፌ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጎረቤቴ ጌጤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ መጋረጃ ይዛ አራት ቤት ዞራለች። እጥፋቱን በፈታሁትና በሰፋሁት ቁጥር የድሮው የክር ቀዳዳ ይቆጠራል።

ልጄ ሜሮን ካናዳ የሄደችው በአሠሪ የሥራ ቪዛ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተቀጥራ፣ «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ሁለቱ ሦስት ሆነ። ከዚያ አንድ እሑድ ደወለችና ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን አልሆነልኝም።

«እማዬ፣ አሠሪዎቼ ቪዛሽን እናድስልሽ ብለውኛል። ሌላ ሁለት ዓመት። በየዓመቱ እረፍትና የአውሮፕላን ትኬት አለው፣ እየመጣሁ አይሻለሁ። ሌላው ደግሞ ፒአር ነው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ቋሚ መኖሪያ። አመልክቺ ተብያለሁ። ግን ካመለከትኩ መልሱ እስኪመጣ ከዚህ አገር ባልወጣ ይሻላል፤ ከወጣሁ ተመልሼ ሥራ መግባቱ ያስቸግራል ይላሉ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም።»

«ካገኘሽውስ በኋላ?»

«ካገኘሁትማ የፈለግኩት ቦታ እሠራለሁ። ማንም ተነስተሽ ሂጂ አይለኝም። ግን…» አለች።

ግን ያለችው ገብቶኛል። ቋሚ ማለት ቋሚ ነው። «ነይና አብረን እንወስን» አለችኝ። የጉብኝት ቪዛ መጀመሪያ ተከለከልኩ፣ እንደገና ሲጠየቅ ተሰጠኝ። እውነቱን ልናገርና እኔ ገና አውሮፕላን ሳልሳፈር ወስኜ ጨርሻለሁ፤ የሥራ ቪዛውን ታሳድሳለች፣ በየዓመቱ አያታለሁ፣ ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ጠቅልላ ትመጣለች። ከብዙ ኪራይ በኋላ የራሴ ባደረግኋት ቤት ክፍሏ እንዳለ ነው። አልጋዋን በየሳምንቱ አነጥፋለሁ፣ ማንንም አላስገባበትም። ለክፍሏ መስኮት ብዬ ውሃ ሰማያዊ ላይ ቢጫ አበባ የፈሰሰበት ጨርቅ ገዛሁና ይዤላት ልሄድ ተነሳሁ። እዚያ ትጠቀምበታለች፣ ስትመለስ ደግሞ ይዛው ትመጣና ኮልፌ እሰቅለዋለሁ። ሐሳቤ ይኸው ነበር።

የመነሻው ቀን

ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። የዕድራችን ሴቶች ዳቦና ቆሎ ይዘው መጡ፤ አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ሌሎቹ ተቀበሏት።

«ኧረ ሰዎች፣ ለጉብኝት ነው የምሄደው!» ብል ማን ይስማኝ። ከሰፈራችን ሻንጣ ይዞ ወደ ቦሌ ወጥቶ በወሩ የተመለሰ ሰው ስለማይታወቅ፣ እኔንም እንደማልመለስ ቆጥረው አለቀሱልኝ። ሱቄን ማን ቢከራየው እንደሚሻል እዚያው ፊቴ የተመካከሩም ነበሩ። በነገሩ ብናደድም የሚያለቅሱልኝ ሰዎች መኖራቸው ደስ አለኝ፤ ሰው ሳይሞት የራሱን ልቅሶ ማየቱ ብዙ አይገጥምም።

ጌጤ ብቻ አላለቀሰችም። በዚያው ሰሞን አከራይዋ ቤቱን ልሸጠው ነው ብሏት የሚቀጥለውን ቤት እየፈለገች ነበር፤ የራሷ ጭንቀት በቂዋ ነው። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔ ኦርቶዶክስ። እጇን ሻንጣዬ ላይ ጭና ረጅም ጸሎት ጸለየች፣ እኔም አማተብኩ፤ ሻንጣው ከሁለቱም በኩል ተባርኮ ተነሳ። ከዚያ በኮንትራት ሚኒባስ፣ እስከ አፉ ተጠቅጥቀን፣ በጦር ኃይሎች አድርገን ቦሌ ደረስን። ጌጤ «አውሮፕላኑ ሳይነሳ አልሄድም» ብላ ውጭ ቆመች።

የመጀመሪያው ጣጣ የመጣው ከውስጥ ነው። ሻንጣዬን አስረክቤ የመጨረሻው ፍተሻ ጋ ስደርስ የእጅ ቦርሳዬ ጮኸ። መቀሴ ነው። ሴት ልጄን በዚያ መቀስ ነው ያሳደግኳት፤ የትም ስሄድ አብሮኝ ስለሚሄድ ሻንጣ ውስጥ መክተት ትዝም አላለኝ።

«እናቴ፣ ይሄ አያልፍም» አለችኝ ፈታሿ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ መቀስ ከጨርቅ በቀር የቆረጥኩት የለም።»

«አውቃለሁ እናቴ፣ ግን አያልፍም። ሸኚ አለዎት?»

ጌጤ ውጭ እንዳለች ነገርኳት። ልጅቷ ሥራዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ፣ ቀይ ነጠላ ያጣፋችና አጠር ያለች ሴት ብዬ በነገርኳት ምልክት መቀሴን አድርሳልኝ መጣች። «ሰጥቻታለሁ። በደንብ አስቀምጥላታለሁ ብላለች» ስትለኝ ጉንጯን ሳምኳት። ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ለመሳፈር ተጠራሁ።

መንገድ ላይ

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ የምለው የለኝም። ቀኑ ከእኛ ጋር እየሮጠ አልመሽ አለ። ምግቡ በየክዳኑ ተከድኖ መጣ፤ አንዱን ክዳን በኃይል ስስበው እርጎው አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሱሪ ላይ ዐረፈ። ሰውዬው ሳቀና የራሱን እርጎ ሰጠኝ። የፈረንጅን ደግነት ቀድሜ ያየሁት በዚህ ነው።

ቶሮንቶ ላይ ሌላ አውሮፕላን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰማይ። በመጨረሻ የወረድንባት ከተማ ትንሽ ናት። በሩ ሲከፈት ሜሮን ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ ለኔም ሌላ ካፖርት በክንዷ ይዛ ቆማለች። ልትስመኝ ስትጎነበስ ክብደቷ እንደቀነሰ አቀፍኳትና አወቅኩት። ልብስ ሰፊ ሰውን በዓይኗ ብቻ አትለካም።

ከአየር ማረፊያው እስከ ቤቷ ያለው መንገድ ሜዳ ነው። እኔ ሜዳ ሲባል ጃንሜዳን ነበር የማውቀው። ይኼ ግን መጨረሻ የለውም፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ኮልፌ ላይ ቀና ሲሉ ወጨጫ አለ፣ ዞር ሲሉ እንጦጦ አለ፤ ሰው ያለበትን ያውቃል። «ሜሮንዬ፣ እዚህ አገር ሰው ቢጠፋ በምን ይታወቃል?» ስላት «በስልክ እማዬ» አለችኝ።

ቤቷን ያየሁበት ቀን

ሜሮን የምትኖረው ከሥራ ባልደረባዋ ከጆይ ጋር ነው። ጆይ ፊሊፒናዊት ናት፤ በዕድሜ ከኔ ትንሽ አነስ ትላለች፣ ከሜሮን ግን ብዙ ትበልጣለች። እንግሊዝኛዬ የስምንተኛ ክፍል ነው፣ የሷም ቢሆን ለኔ ሲሆን ቀለል ስለሚል በእጃችንም ጨምረን ተግባባን። ቀይ ሩዝ ሠርታ አቀረበችልኝ፣ በርበሬ ቢጤም ነበረችው። ኮልፌ ጎረቤት ያገኘሁ መሰለኝ።

መጀመሪያ የጆይን ክፍል አየሁ። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ተመትቷል፣ የልጆቿ ፎቶ ተሰቅሏል፣ መስኮቱ ሥር አበባ በጣሳ ተተክሏል። ወዲያው ሜሮን ክፍል ስገባ ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ሻንጣዋ ወለሉ ላይ እንደተከፈተ ነው፤ ልብሷን የምታወጣውም የምትመልሰውም ከዚያው ነው። ግድግዳው ባዶ ነው። መስኮቱ ላይ የአልጋ አንሶላ በፕላስተር ተለጥፏል። የመጋረጃ ሰፊ ልጅ መስኮት ላይ አንሶላ!

«ምንድን ነው ይሄ ጉድ?» አልኳት።

«ለጊዜው ነው እማዬ።»

«ሻንጣውስ?»

«እሱም ለጊዜው ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ለጊዜው! ብቆጣት ደስ ባለኝ፣ ግን ፊቷ ላይ የነበረው ድካም አስቆመኝ። ከሻንጣዬ ጨርቁን አወጣሁና ዘረጋሁላት። ቢጫ አበባውን በጣቷ እየነካካች «የኔ ክፍል ይወደዋል» አለች። የትኛውን ክፍል ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ የኮልፌውን ነው።

የዚህኛው መስኮት ሰፊና አጭር ነው፣ የኮልፌው ጠባብና ረጅም። በስንዝር ለካሁት። ጨርቁን ለሁለት ከፍዬ ጎን ለጎን ብሰቅለው ወርዱ ይበቃል፤ ቁመቱ ግን ይተርፋል። መሀሉን በጥርሴ ጀምሬ በእጄ ቀደድኩት፣ ከታች ደግሞ ትርፉን እንዳለ ዐጠፍኩት። ስትመለስ እፈታዋለሁ አልኩ በልቤ። መቀስም ኖሮኝ ቢሆን አልቆርጠውም ነበር።

ወደ ሥራዋ የሄድንበት ቀን

ጠዋት የከተማዋን አውቶቡስ ተሳፈርን። እንደኛ አገር ረዳት የለም፣ የሚጣራ የለም፣ የሚጋፋም የለም። ሰው ሁሉ ዝም ብሏል፤ ለቅሶ ቤት የሚሄድ ነው የሚመስለው። ሜሮን ወደፊት ተቀምጣ ስልኳን ታያለች። እኔ በመስኮት ሳይ በፎቶ የላከችልኝ የአረጋውያኑ ቤት ቀይ ጣሪያ መጣ። ሊያልፈን ነው ብዬ ደነገጥኩና በሙሉ ድምፄ «ወራጅ አለ!» አልኩ።

አውቶቡሱ በአንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩም አቆመ። ሜሮን በሳቅ ልትሞት ሆነ፤ እዚያ አገር ለካ ገመድ ነው የሚሳበው፣ አይጮህም። ሾፌሩ ምን እንዳልኩ ጠየቃትና ነገረችው። ስወርድ እየሳቀ «ወራጃለ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ባየ ቁጥር ገመዱን አላስነካኝም፤ ፌርማታው ሲደርስ ራሱ «ወራጃለ!» ይልና ያቆምልኛል።

የአረጋውያኑን ቤት እንዴት ልንገራችሁ። ንጹሕ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ሽማግሌዎቹ በመስኮት በኩል የሚያልፍ ሰው የሌለበትን መንገድ ያያሉ። እኛ ሰፈር ሽማግሌ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የሚያልፈውን ሁሉ ይመርቃል፣ ይሳደባል፣ ይጠይቃል። እዚህ የሚመርቁት ሰው አጥተዋል። አንዲት አሮጊት ሜሮን ስትገባ እጇን ይዛ አልለቅም አለች። ሜሮንም ጎንበስ ብላ ፀጉሯን አበጠረችላት፣ ሾርባዋን በማንኪያ አጎረሰቻት፣ አፏን ጠረገችላት። እኔ ጥግ ተቀምጬ አያለሁ። ቀናሁ። መዋሸት ምን ያደርጋል፣ ቀናሁ። ያቺን ማንኪያ አንድ ቀን እኔ ነበርኩ የምጠብቃት።

አሮጊቷን ከወንበር ወደ አልጋ ስታነሳት ግን የሜሮን ፊት ሲጨማደድ አየሁ። እጅጌዋ ከፍ ሲል የእጇ አንጓ በፋሻ ተጠምጥሟል።

ማታ ስንገባ «እጅሽ ምን ሆኗል?» አልኳት።

«ምንም አይደል፣ ከማንሳት ነው።»

«ለአለቃሽ ነገርሻት?»

«አልነገርኳትም። ከነገርኳት እረፍት ትሰጠኛለች። እረፍት ካበዛሁ ደግሞ ቪዛዬን ሲያድሱ…» ጨርሳ አልተናገረችውም። ከእሷ እጅ ይልቅ ያልጨረሰችው ነገር አመመኝ።

ሊንዳ የጋበዘችን ቀን

የሜሮን አለቃ ሊንዳ የምትባል ረጅም፣ ፀጉሯ ሽበት የሆነ ሴት ናት። እሑድ ምሳ ቤቷ ጠራችን። ክፉ ሴት ብትሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር፤ ሊንዳ ግን እንዲህ ያለች ደግ ሆና አገኘኋት። ሀበሻ ከምግብ በፊት እንደሚታጠብ ከሜሮን ሰምታ ኖሮ፣ ቧንቧው እዚያው አጠገቧ እያለ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛ መጣችና ወንበሬ አጠገብ በርከክ ብላ እጄን አስታጠበችኝ። እንባዬ መጣ። ዶሮው በርበሬም ሽንኩርትም አላየም፣ ድንቹም እንዲሁ፤ ቢሆንም ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ከምሳ በኋላ በሜሮን አስተርጓሚነት አወራን።

«ልጅሽ ከሁሉም ሠራተኞቼ ትበልጥብኛለች» አለችኝ። «ቪዛዋን አድስላታለሁ። ከፍ ያለ ቦታም እሰጣታለሁ። በየዓመቱ ወደ አንቺ እልካታለሁ።»

ተነስቼ ጉልበቷን ልስም ምንም አልቀረኝ። በየዓመቱ! ስንወጣ ለሜሮን «በቃ፣ ምን ውሳኔ ያስፈልገዋል? እንዲህ ያለች አሠሪ ከየት ይገኛል?» አልኳት።

«አዎ እማዬ፣ ጥሩ ሰው ናት» አለች። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ «ግን ቪዛዬ ላይ የተጻፈው የድርጅቱ ስም ነው። በቀደም ድርጅቱን ሊሸጡት ነው የሚል ወሬ ነበር። ሊንዳ ራሷ ትቆይ አትቆይ አታውቅም» አለችኝ።

ደግ አከራይም ነበረኝ እኔ። ልጆቹ ቤቱን ሲሸጡት እያለቀሰ አስወጣኝ።

በረዶ የጣለበት ቀን

በማግሥቱ ስነሳ ውጭው ነጭ ሆኗል። ከወንፊት ሥር እንደሚወርድ ዱቄት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሜሮን የዕረፍት ቀኗ ነበር። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ መጋረጃውን በእጅ መርፌ እሰፋለሁ፣ እሷ ወለሉ ላይ ሻንጣዋን ተደግፋ በፋሻ የታሰረ እጇን ታሻለች። ቤቱ ሞቃት ስለሆነ ይሁን የመርፌው ነገር፣ ልቧ ተከፈተ።

«እማዬ፣ መጋረጃ ለምን እንደማልሰቅል ታውቂያለሽ?»

«ስንፍና ነዋ።»

ሳቀች። «ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ ከሩቅ የማየው መስኮታችንን ነበር። መጋረጃው ካለ አለን። ከወረደ ልንለቅ ነው። ሁሌ መጀመሪያ የምታወርጂው እሱን ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ከሰል ተራ አጠገብ ያለው ቤት፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ እንደገና ኮልፌ…»

ትዝ ይለኛል። መጋረጃ መጀመሪያ የሚወርደው ሌላው ዕቃ የሚጠቀለለው በሱ ስለሆነ ነው። ልጅቷ ከሩቅ ቆማ እንደምታየው ግን አላውቅም ነበር።

«ስትሰቅዪው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። «ስታወርጂው ግን ወደ ቤት መግባቱ ያስጠላኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ካልሰቀልኩት አላወርደውም ብዬ ነው።»

መርፌው እጄ ላይ ቆመ። ከመጣሁ ጀምሮ ያየሁት ሁሉ፣ ሻንጣው፣ ባዶው ግድግዳ፣ የታሰረው አንጓ፣ ያልተጨረሰው ንግግር፣ አንድ ነገር እንደነበር ያኔ ገባኝ። ልጄ ያደገችበት ኑሮ ባሕር ተሻግሮ ተከትሏታል። አከራይዋ ደግ ሆና ነው እንጂ ያው ተከራይ ናት። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ልያት ብዬ እዚያው ተከራይ ሆነሽ ቆዪ ልላት አገር አቋርጬ መጥቻለሁ።

«ፒአሩን ትፈልጊዋለሽ?» አልኳት።

«እፈልገዋለሁ» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ግን ያንቺ ደም ግፊት አለ። መልሱ ሳይመጣ አንድ ነገር ብትሆኚብኝስ? ሁለት ዓመት ብዬሽ እኮ ነው የሄድኩት።»

እንዳላለቅስ ተነስቼ ወጣሁ። ጆይ ማድ ቤት አበባዋን ውሃ ታጠጣለች። በሁለት ጣቴ መቀስ ሠርቼ አሳየኋት። ወዲያው ገባትና ከመሳቢያዋ የጨርቅ መቀሷን አወጣች፤ እሷም ለካ ልብስ ትጠግናለች። ቀለል ያለች፣ ለእጄ የጠበበች መቀስ ናት።

ተመልሼ እጥፋቱን ፈታሁትና ለሜሮን «በዚያ በኩል ያዢልኝ» አልኳት።

ጫፉን ያዘች። መቀሱን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። የመጋረጃ ሰፊ ልጅ አይደለች? አወቀች።

«እማዬ፣ ትርፉን ልትቆርጪው ነው?»

«አዎ።»

«ከተቆረጠ እኮ የኮልፌው መስኮት አይደርስም።»

«አውቃለሁ። የለካሁት እኔ ነኝ።»

ቆረጥኩት። የሰው መቀስ ስለሆነ ትንሽ አንከራተተኝ፣ መስመሩም እንደ ሥራዬ ቀጥ አላለልኝም። ሜሮን የያዘችውን ጫፍ ሳትለቅ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ «አፍንጫሽን በጨርቁ እንዳትጠርጊው» አልኳትና ሁለታችንም ሳቅን።

መጋረጃው የተሰቀለበት ቀን

ጆይ ዘንጉን ገዝታ መጣች፣ ራሷ ወንበር ላይ ወጥታ ግድግዳውን በስታ ሰቀለችልን። መጋረጃው መስኮቱን ልክክ አለበት። ሜሮን ሻንጣዋን አራግፋ ልብሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደረች፤ ሻንጣውን አልጋው ሥር ገፋችው። የዚያኑ ዕለት ኮምፒውተሯን ከፍታ ማመልከቻውን አጠገቤ ሆና ላከችው። ከመላኳ በፊት እጄን ይዛ እጇ ላይ አስቀመጠችው፣ ያቺን የመላኪያ ቁልፍ አብረን ተጫንናት።

ሊንዳን የነገርናት በማግሥቱ ነው። የሜሮንን አንጓም ያኔ አየችው። ቅር ይላታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሜሮንን ዐቅፋ ቆየችና «ምርጫ ስለሌለሽ ሳይሆን፣ ስለምትፈልጊ እኔ ጋ ብትቆዪ ደስ ይለኛል» አለቻት፣ ወዲያውም ሐኪም ዘንድ ላከቻት። ደግነቷ ያኔ ሙሉ ሆኖ ታየኝ።

የመመለሻው ቀን

ወደ አየር ማረፊያ ከመሄዳችን በፊት ሾፌሩን ልሰናበተው ብዬ አንድ ፌርማታ ያህል በአውቶቡስ ሄድን። «ወራጃለ» ሲለኝ «የለም» አልኩት፤ አልገባውም፣ ሳቀ ብቻ። አየር ማረፊያው በር ላይ ሜሮን «እማዬ፣ መልሱ እስኪመጣ…» ስትል አፏን በእጄ ያዝኩት። ስለ መልስ አላወራንም። መድኃኒቴን በሰዓቱ እንደምውጥ ሦስቴ አስማለችኝ። ወደ ፍተሻው ስገባ ዞር አላልኩም፤ ዞር ካልኩ እንደማልሄድ አውቃለሁ።

ቆርጬ ያወጣሁትን ቁራጭ ጠቅልዬ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት። ይህንን ማንም ፈታሽ አልከለከለኝም።

ኮልፌ ስደርስ ከታክሲ ስወርድ ያየችኝ የመጀመሪያዋ የዕድር ሴት አማተበች። አልቅሳ የሸኘችኝ ሴት ስለሆነች አፈረች መሰለኝ፣ «ምነው፣ መለሱሽ እንዴ?» አለችኝ። ስመለስ መደሰትም ማዘንም የቸገራቸው ብዙ ነበሩ። ሱቄን ሊከራይ ያሰበው ሰውዬ ግን በግልጽ አዘነ።

ጌጤ ያን ዕለት ከሰዓት ቤቴ መጣች። መቀሴን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ዘይት ቀብታ ይዛልኛለች። ቤት አግኝታ እንደሆነ ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች፣ አላገኘችም። ከዚያ የሰው ሁሉ ጥያቄ መጣ።

«ሜሮንስ? መቼ ትመጣለች?»

ቦርሳዬን ከፍቼ ቁራጩን ጉልበቷ ላይ አኖርኩላት። ውሃ ሰማያዊ፣ ቢጫ አበባ፣ አንድ ክንድ። ጨርቁን ስገዛ አብራኝ ነበረች። ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው፣ ያልተስተካከለውን መስመር አየችው። አራት ቤት የዞረች ሴት ስለሆነች አስረጂኝ አላለችም።

«መቀስሽ እኔ ጋ ስለሆነ አትቆርጪውም ብዬ እኮ አልሰጋሁም ነበር» አለች በመጨረሻ። «በምን ቆረጥሽው?»

«በሰው መቀስ» አልኳት።

ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ከበስተኋላዋ የሜሮን ክፍል በር ይታየኛል፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው፣ መስኮቱ ባዶ ነው። መቀሴን ከጨርቁ ፈታሁትና እጄ ላይ አመቻቸሁት።

«ያንቺን መጋረጃ ደግሞ አምጪው ጌጤ» አልኳት። «በሜሮን መስኮት ልለካልሽ።»